ለሻምበሉ የሰጠኸው አባት

ደምስዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና እስክሪብቶዬን መልሼ አነሣሁ። ለአንተ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም፣ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ስለዚህ እንደለመድኩት ላድርገው፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳሎን ለተቀመጥከው እንደማወራልህ። ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ለሙት ዓመትህ ሦስት ሳምንት አልቀረንም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የጋራዡ በር ስፕሪንግ ተበጥሶ ተቀየረ። ጓሮ የተከልከው ጎመን አንተ በሌለህበት ይበልጥ ፋፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ በላው፤ እንዳትቀየመው። ልጅህ ማኅሌት ሂሊያርድ የሚባለው ሰፈር አፓርትመንት ተከራይታ ወጥታለች፤ ልብሷን የምታጥበውና ምሳዋን የምትቋጥረው ግን እዚሁ ስለሆነ ወጥታለች ለማለት ይቸግረኛል። እኔ ደግሞ ሀይዌይ ላይ መንዳት ጀመርኩ። አዎ፣ እኔ! ይህን ሁሉ ዓመት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ስዞር ስትስቅብኝ የኖርክ ሰውዬ፣ አሁን ሁለት መቶ ሰባ ቁጥር ሀይዌይ ላይ በስልሳ አምስት ማይል ስነዳ ብታየኝ የመኪናውን እጀታ አንቀህ ትይዝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ከሞርስ ሮድ መሥሪያ ቤትህ እስካለበት ካናል ዊንቸስተር ድረስ ጸሎቴን እያደረስኩ ነው የሄድኩት። የሥራ ባልደረቦችህ ሎከርህ ውስጥ የቀረውን ዕቃ እንድወስድ ጠርተውኝ ነበር። ጓንትህን፣ የማንበቢያ መነጽርህንና ሰባተኛውን ደብተር ሰጡኝ። ለካ በእረፍት ሰዓትህም ከሰውዬው ጋር ነበርክ።

ሰውዬው ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለህ። ሻምበል ኤርንስት ካርል ብሬንደልን ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተውንና በቤታችን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ሰው ሆኖ የኖረውን የፕሩሲያ የጦር መኮንን። ሌላዋ ሚስት ባሏ ሴት ወዳጅ ያዘ ብላ ትቃጠላለች። የእኔዋ ጣውንት ጢም ነበራት።

አመጣጡን አልረሳሁትም። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ የሚሸጥበትን ጋራዥ ሴል ስንዞር፣ እኔ መጋረጃ ስፈልግ አንተ ለመፍቻዎችህ ብለህ አንድ የእንጨት ሣጥን ገዛህ። ቤት አምጥተህ ወለሉን ስታነሣው ከሥሩ በታይፕ የተጻፈ ወደ አርባ ገጽ የሚሆን ወረቀትና አንድ ፎቶግራፍ ወጣ። የጻፈችው የሻምበሉ የልጅ ልጅ ናት፤ አያቷ በጀርመንኛ የተዋቸውን ደብዳቤዎች ወደ እንግሊዝኛ መልሳ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጠፍተዋል። ሣጥኑን የሸጡልን ሰዎች ቤቱን ገና የገዙት ስለነበሩ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ውሰደው አሉህ። ወሰድከው፣ እሱም አንተን ወሰደህ።

መዝገበ ቃላት ይዘህ በየደብተሩ ወደ አማርኛ ስትተረጉም፣ እራት ላይ ደግሞ የደረስክበትን ስትተርክልኝ፣ ሳልወድ በግዴ የሰውዬውን ዕድሜ በሙሉ አወቅኩት። ፕሩሲያ ዛሬ ጀርመን የምንለውን አገር ሰሜኑን የያዘች፣ ወታደርነት እንደ ሃይማኖት የሚከበርባት መንግሥት ነበረች አልከኝ። ብሬንደል በአሥራ ሰባት ዓመቱ ዕጩ መኮንን ሆኖ ገባ። መኮንን የሚሆነው የባላባት ልጅ በሆነበት ዘመን እሱ የወፍጮ ቤት ልጅ ነበርና ጓዶቹ "ዱቄቱ" እያሉ ይጠሩት ነበር። የመደቡት ምሕንድስና ክፍል ነው። ሥራው ጀልባ ደርድሮ፣ በጀልባው ላይ ሳንቃ አንጥፎ ሠራዊት የሚሻገርበትን ድልድይ መዘርጋት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት መቶ አለቃ ሆኖ ቆመ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት እያለፉት ሄዱ።

አንድ ቀን ስለ ወንዙ ነገርከኝ። ጦርነት ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ሰዎቹን ውኃ ውስጥ አቁሞ ድልድዩን ዘረጋ፤ ፀሐይ ስትወጣ እግረኛው፣ ፈረሰኛው፣ መድፉ ሁሉ ተሻገረ። ጄኔራሉ በፈረስ መጥቶ ምስጋና ሲያቀርብ ያመሰገነው ግን አጠገቡ የቆመውን የባላባት ልጅ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ማንኪያህን አስቀመጥክና "ጥሩዬ፣ ምንም አላለም እኮ! ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ድልድዩ ተመለሰ" አልከኝ። ፊትህ ቀልቶ ነበር። አንተም መቶ አለቃ ነበርክ። ሠራዊቱ ሲበተን በእግርህ ኬንያ ገብተህ፣ ካምፕ ውስጥ እኔን አግኝተህ፣ እዚህ ከመጣን ወዲህ መጋዘን ውስጥ ጭነት ስታስጭን በማዕረግህ የጠራህ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን የምጠራህ ስናደድብህ ብቻ ነው።

ብሬንደል ሻምበል የሆነው የድልድይ ግንድ ጉልበቱን ከሰበረው በኋላ ነው። ማዕረጉንና ጡረታውን በአንድ ቀን ሰጡት። ከዚያ የአክስቱ ልጅ ኦሃዮ ና ብሎ ጻፈለት፤ እያነከሰ መጣ። በዚሁ በእኛ ከተማ በኮለምበስ ዙሪያ ባሉት ትንንሽ ወንዞች ላይ የገበሬ ጋሪ የሚያሻግሩ የእንጨት ድልድዮች ሠራ። አንድም መድፍ ያልተሻገረባቸው ድልድዮች እያልክ ታወድሳቸው ነበር፤ ከሁሉ ደስ የሚልህ እዚያ ላይ ስትደርስ ነው።

አንዱን ድልድይ ፍለጋ የሄድንበትን እሑድ ታስታውሳለህ? ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ መኪና ውስጥ አስገብተኸኝ፣ በበቆሎ እርሻ መካከል አንድ ሰዓት አዞርከኝ። ስንደርስ የእንጨቱ ድልድይ ከፈረሰ ቆይቷል፤ የቆመው ተራ የሲሚንቶ ድልድይ ነው። እኔ ርቦኝ እያጉረመረምኩ ሳለሁ አንተ ወርደህ እስከ መካከሉ በእርምጃ ለክተህ ሄድክና ቀጥ ብለህ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠህ። በዚያው ቅጽበት አንድ ፒክአፕ የሚነዳ ሽማግሌ እያለፈ ነበር፤ እሱም ምን እንደገባው እንጃ፣ ሰላምታህን መልሶ አለፈ። እኔ በኀፍረት በመኪናው መስኮት ሥር ተደብቄ ነበር። ዛሬ ግን ያን ሽማግሌ ባገኘው አመሰግነዋለሁ፤ መቶ አለቃዬን በዚህ አገር በደንቡ ሰላም ያለው እሱ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ተኝተህ "ሰውዬውን መንገድ ላይ እንዳትተዪው" አልከኝ። አልተውም አልኩህ። ሰባቱንም ደብተር አሳትሜ ሙት ዓመትህ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለመጣው ሁሉ እንደማድል ቃል ገባሁ። ኮምፒውተር ላይ የምትጽፈው ማኅሌት ናት። አማርኛዋ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማራት ያ የምታውቀው ነውና አንዳንዱን ቃል ለመጻፍ እየደወለች ትጠይቀኛለች። በደህና ሄዳ ሄዳ ሁለተኛው ደብተር ላይ ስትደርስ ቆመች። "ማሚ፣ ይሄ ካርል ማነው?" አለችኝ። አባቱ ነዋ አልኳት፤ ኤርንስት ልጁ፣ ካርል አባቱ፣ ብሬንደል አያቱ። ልጅህ በሳቅ ሞተች። "ኖ ማሚ! ሚድል ኔም እኮ ነው። እዚህ ለአንድ ልጅ ሁለት ስም ያወጣሉ፤ ሁለቱም የራሱ ስም ነው፣ አባቱ ማን እንደሆነ በፍጹም አይናገርም" አለችኝ።

ክው አልኩ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ እዚህ ስንኖር፣ በየቢሮው "ሚድል ኔም" የሚል ቅጽ ስንሞላ፣ እኔም አንተም አንድ ቀን አልጠረጠርንም። ከስም ቀጥሎ የሚመጣ ስም አባት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለጠፉ አንተ ካርልን ከስሙ ላይ አንሥተህ አባት አደረግከው፤ አባት ካደረግከው በኋላ ደግሞ ሙሉ ደብተር ጻፍክለት። እኔ ሁሉንም ከወረቀቱ ያገኘኸው መስሎኝ ነበር።

ማኅሌትን ታውቃታለህ፣ ነገር ከያዘች አትለቅም። ላይብረሪ ሄዳ የድሮ መዝገብ የሚያውቁትን ሰዎች ስትጨቀጭቅ ሰንብታ፣ ሻምበሉ ሲቀበር የጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን የጻፈለትን አጭር የሕይወት ታሪክ አገኘች። አባቱ ጎትሊብ ይባላል። ባለ ወፍጮ ነበር፤ የሞተው ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው ነው። በአንተ ደብተር ግን አባትየው አሥራ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ በእግሩ ወደ ጦር ትምህርት ቤት ይሸኛል።

በዚህ ተጣላን። እሷ ሁለተኛው ደብተር ይውጣ አለች። "ዳዲ ከራሱ ፈጠረ ተብሎ እንዲወራበት ነው የምትፈልጊው? ሌላው ሁሉ ትክክል ነው፣ ሰው ይሄን ካየ ሌላውንም አያምነውም" አለች። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ከአባትሽ ጽሑፍ አትወጣም፣ ሰውየው በእስክሪብቶ ነው የጻፈው አልኳት። ሁለታችንም የተጣላነው ለአንተ ብለን ነው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ዓርብ ካላስረከባችሁ ለሙት ዓመቱ አይደርስም ብሎናል። ሰኞ ማታ በሩን ዘግታብኝ ሄደች፤ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ አልተደዋወልንም። ልብሷን እንኳ ማጠቢያው ውስጥ ትታው ነው የሄደችው።

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩና ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚያ በፊት አንብቤው አላውቅም፤ ከአፍህ የሰማሁት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቅኩ። ካርል የሚባለው ፕሩሲያዊ ልጁን ሊሸኝ ሲወጣ ጃንጥላ ይዟል። ጠዋት ነው፣ ዝናብም ፀሐይም የለም። መንገድ ላይ ቆም ይልና "የሥላሴ ባሪያ፣ ይህን ልጅ ማን አሳተብኝ" ይላል። ጀርመኑ! መለያያው ላይ ሲደርሱ ደግሞ የልጁን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩ ላይ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀው ብለህ ጽፈሃል። ብቻዬን ሆዴን ይዤ ተንፈራፈርኩ። ደምስዬ፣ ፕሩሲያ ውስጥ አባት ልጁ ግንባር ላይ እንትፍ ብሎ ይመርቃል? ፎቶው ላይ ያለው ያ ኮስታራ ሰውዬ ምራቅ ግንባሩ ላይ ሲያርፍ ታየኝ። ሳቄን ሳልጨርስ ነገሩ ገባኝ።

ወደፊት ቀጠልኩ። አባትየው "እንግዲህ አንተ የመንግሥት ልጅ ነህ፤ እኔ ዘንድ የቀረህ ነገር የለም" ብሎ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ ዞር ብሎም አያይም። ልጁ ጋሪው ላይ ይወጣል። ጋሪ ያልከው፣ ደምስዬ፣ ሃያ ሰው በቁሙ ይጭናል፤ ሲነሣ አቧራውና ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ልጁ ቁልቁል ሲያይ አባትየው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ ፊቱን ከልሎበታል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ልጁ ዘሎ ወርዶ መሮጥ ፈለገ፤ ጓዶቹን አፈረ። "ካርልን ከዚያ ቀን በኋላ አላየውም" ብለህ ትጨርሳለህ። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው።

የአባትህ የአባባ ወልደሰንበት መርዶ የመጣበት ቀን ትዝ አለኝ። እኛ ካምፕ ሳለን ሞተው፣ እዚህ ከገባን በኋላ ነው የተነገረን። ሰው ሊያስተዛዝን ቤታችን ሞላ። አንተ እንግዳውን ሁሉ አስተናግደህ፣ የተዋስነውን ወንበር በየቤቱ መልሰህ፣ በማግስቱ ወደ ሺፍትህ ሄድክ። እንባ አላየሁብህም። ልቤ ውስጥ ቂም ይዤብህ ነበር፤ ለአባቱ ያላለቀሰ ለእኔ ሊያለቅስ ነው ወይ ብዬ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ስልህ "ደህና ሰው ነበር" ትልና ወሬ ትቀይራለህ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ስለ አባትህ የሰማሁት ይህችኑ "ደህና ሰው" የምትል ነገር ብቻ ናት። የቀረውን ሁሉ ለሻምበሉ ሰጥተኸዋል። ደብተሩን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ለአባባም አለቀስኩ፤ ቂም ስለያዝኩብህም አለቀስኩ። ይቅር በለኝ።

ከዚያ ማኅሌትን ጠራኋት። ኩርፊያዋን ረስታ ከሂሊያርድ በሃያ ደቂቃ ደረሰች፤ በድምፄ ደንግጣ ነው። አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እንትፍታው ላይ እሷም ሳቀች፤ እሷ ፈተና ልትሄድ ስትል አንተ ግንባሯ ላይ እንደዚያው ታደርጋት ስለነበር "ይሄማ ዳዲ ነው" አለች። ጃንጥላው ላይ ስንደርስ እጄን ጨብጣ ያዘች፣ እስክጨርስም አለቀቀችኝ። ከዚያ "ማሚ፣ ዕድሜ ልኬን የዚህን ሰውዬ ስም ነው ስፔል ሳደርግ የኖርኩት" አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ አገር ደንብ የአባትህ ስም የሁላችንም የቤተሰብ ስም ሆኗል። ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ሐኪም ቤት በደወለች ቁጥር ወልደሰንበት የሚለውን ፊደል በፊደል ስትቆጥር ነው ያደገችው፤ አሳጥሩልኝ ብላ አልቅሳብህ ታውቃለች። እኔም ብሆን ቅጽ ላይ የማይበቃው ረጅም ስም ነበር እንጂ ጃንጥላ የያዘ ሰው መሆኑን መቼ አሰብኩ።

እንግዲህ የወሰንነውን ልንገርህ፤ ካልወደድከው ስንገናኝ ትወቅሰናለህ። መጽሐፉ ሁለት ክፍል ሆነ። በመጀመሪያው ሻምበሉ የገዛ አባቱን አገኘ። ስለ ጎትሊብና ስለ ወፍጮ ቤቱ አንድ አንቀጽ ማኅሌት ራሷ በአማርኛ ጻፈች፤ ያረምኩላት ሁለት ቃል ብቻ ነው፣ እሱንም በግድ ፈልጌ። ከዚያ ወንዙ፣ ጄኔራሉ፣ የተሰበረው ጉልበት፣ የኦሃዮ ድልድዮች፣ አንተ እንደጻፍከው አሉ። ሁለተኛው ደብተር ከኋላ ለብቻው ገባ። ማኅሌት "ዳዲ አልፈጠረም፣ ስሙን ነው የተሳሳተው" ብላ በራሷ አፍ ፈረደችልህ። የዚህን ክፍል ርዕስ "አባቴ" አልነው። ሽፋኑ ላይ ከስምህ በፊት "መቶ አለቃ" ብለን አጻፍን። ሙት ዓመቱ ላይ "አባቴ"ን የምታነበው ማኅሌት ናት፤ መኪና ውስጥ ስትለማመድ ቀይ መብራት ላይ ሰው እያያት ነው አሉ።

እህትህ ጋ ደውዬ የአባባን የክርስትና ስም ጠየቅኳት። ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት ነገረችኝ። ለቄሱ የሁለታችሁንም ስም በአንድ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ከእኔ በኋላ ደግሞ ማኅሌት እስካለች፣ አንተ በታሰብክበት ቀን ሁሉ አባትህ አብረውህ ይታሰባሉ። ብቻህን አልጠራህም። ይህን ቃል የገባሁልህ ደስ ብሎኝ ነው፤ ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ልቤ ሞልቶ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የሁለተኛውን ደብተር ጽሑፍና ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ካርል የሚለውን እየሰረዝኩ ወልደሰንበት እያልኩ ጻፍኩ። አርባ አንድ ቦታ ነው። ስጨርስ ማኅሌት ስሙ በመለወጡ ሌላ የሚስተካከል ዓረፍተ ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። አንድም አልነበረም።

ጥሩወርቅህ